ሁለት ሰው፣ አንድ ላፕቶፕ፤ ያለ አሳታሚ የት ድረስ ይኬዳል?

ቦርከና_ማዶ | ኮምቦልቻ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፉ ይረዝማል፤ ቡና ጥዳችሁ አንብቡ።

እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፣ እሷ ደሴ ነች። እኔ ቢት እሠራለሁ፣ ግጥሙና ድምፁ የእሷ ነው፣ ዜማውን እየተጨቃጨቅን አብረን እናወጣለን። ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆነን። በእጃችን አሥራ አንድ ዘፈን አለ፤ ሰው ፊት ከፍቼ የማላፍርበት አራት ነው። ሁሉም ኤሌክትሮኒክ ፖፕ ነው። ከበሮውም ቤዙም ከኮምፒውተር ነው የሚወጣው። ክራር ያለበት አንድ ብቻ ነው፣ ክራሩም የጎረቤት ነው።

ስቱዲዮ የምለው የምተኛበትን ክፍል ነው። መስኮቱ ወደ ባቲ የሚወጣውን መንገድ ያያል። ቀን ተሳቢ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆው ይንቀጠቀጣል፣ ማይኩም ሁሉንም ይለቅመዋል። ስለዚህ የምንቀርፀው ሌሊት ነው። ቅዳሜ ከደሴ ወርዳ አክስቷ ቤት ታድራለች፤ እሑድ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትመጣለች። የወንድሟ ሥራ ሁለት ነው፦ እሷን ማጀብና ከማይኩ ጀርባ ጋቢ ዘርግቶ መያዝ። እጁ ሲዝል ጋቢው ዝቅ ይላል፤ ያኔ የክፍሉ ግድግዳ ድምፁ ውስጥ ይገባል። ቀረጻውን ስሰማ የቱ ጋ እንደደከመው አውቃለሁ።

ከሱብሒ አዛን በፊት አንድ ሰዓት ገደማ አለን። አንዴ ምርጥ ያልነው ቀረጻ መጨረሻ ላይ አዛን ገባ። እኔ ከስር ልተወው ብዬ ነበር፣ ያምራል። «አዛን ለቢት ማጣፈጫ አይሆንም» አለችኝ። ልክ ነች፣ አጠፋነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ሰው ደወለላት። ድምፅዋን ወድዶታል። ቢቱን ግን «የኛ ልጆች ይሠሩታል» አለ። እሷ እንቢ አለች። ምክንያቷን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ግን እንቅልፍ አጣሁ። ያሳፈርኋት፣ የጎተትኋት መሰለኝ። ሁለት ሆኖ፣ ያለ ትልቅ አሳታሚ፣ በዚህ ዓይነት ሙዚቃ ዕድሜ ያገኘ አለ? ሲልቫን ኤሶ የሚባሉ አሜሪካውያን እሰማለሁ፤ ሥራቸውን እንጂ ታሪካቸውን አላውቅም። የሚያውቅ ያውራኝ።


ወሎዬዋ | ደሴ | ማታ 3፡41

አንብቤ ስጨርስ ቡናው በረካ ደርሷል። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ወንድሟ ይከፈለዋል?


ቦርከና_ማዶ | ማታ 3፡44

ቁርስ። ፉል በእንቁላል።


ሐረጎ_ጭጋግ | ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ | ማታ 4፡30

አብሽር ወንድሜ፣ ለዚህ ጥያቄ እኔ አለሁ። እነዚህን ሰዎች ከመጀመሪያው አልበማቸው ጀምሮ ነው የምከታተላቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው።

ስማቸው አሚሊያ ሚዝና ኒክ ሳንቦርን ነው። እሷ ቀድሞ ማውንቴን ማን በሚባል የሦስት ሴቶች ቡድን ውስጥ ነበረች። የዚያ ቡድን ሀብቱ ሦስት ድምፅ ነው፤ መሣሪያ ብዙም የለበትም። እሱ በሌላ ባንድ ቤዝ ይመታ ነበር፣ ለብቻው ደግሞ ሜድ ኦፍ ኦክ በሚል ስም ኤሌክትሮኒክ ይሠራ ነበር። ሚልዋኪ ከተማ በአንድ ምሽት አንድ መድረክ ላይ ተገናኙ። በኋላ እሷ የቡድኗን አንድ ዘፈን ሪሚክስ እንዲያደርግላት፣ ማለትም በራሱ ቢት እንደገና እንዲሠራው፣ ሰጠችው። ነገሩ የተጀመረው እዚህ ጋ ነው። ባንድ እናቋቁም፣ ስም እናውጣ፣ ሎጎ እናሠራ አላሉም። አንድ ዘፈን ሠሩ፣ ወደዱት፣ ሌላ ጨመሩ።

ሁለቱም ኑሯቸውን ወደ ዱርሃም፣ ኖርዝ ካሮላይና አዛወሩ። ኒውዮርክ አልሄዱም፣ ሎስ አንጀለስ አልሄዱም። የመጀመሪያው አልበም በ2014 ግንቦት ወጣ። ከታወቁበት ዘፈኖች አንዱ ስለ ለከፋ ነው፤ ሴት መንገድ ላይ ስትሄድ ስለሚወረወርባት ቃል። በዳንስ ቢት ላይ እንዲህ ያለ ነገር መዝፈን ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሁለተኛው በ2017 ወጣ፣ በዳንስና ኤሌክትሮኒክ አልበም ዘርፍ ለግራሚ ታጨ። ያሸነፋቸው ማን መሰላችሁ? ክራፍትቨርክ። ከ1970 ጀምሮ ያሉት ጀርመኖች! በዚህ መሸነፍ ለኔ ሽልማት ነው። ሦስተኛው በ2020 መስከረም ወጣ፣ እንደገና ታጨ፣ በ2022 ደቡብ አፍሪካዊው ብላክ ኮፊ ወሰደው። ያኔማ ለማን እንደማዝን ጠፋኝ።

በመሀል በ2016 ተጋቡ። በ2019 ደግሞ ሁለት ሰው የነበረውን መድረክ አሥር ሰው አደረጉት፤ ኤሌክትሮኒኩን ሁሉ ሰው በእጁ እንዲጫወተው። ለጥቂት ምሽት ብቻ ነው፣ መጨረሻውም እዚያው ዱርሃም ነበር። ከዚያ ወደ ሁለትነታቸው ተመለሱ። ቻፕል ሂል አጠገብ ጫካ ውስጥ ቤቲስ የሚሉት ስቱዲዮ አላቸው። የራሳቸውን አሳታሚ፣ ሳይኪክ ሆትላይንን፣ ያቋቋሙት በ2021 ነው። የመጀመሪያው አልበም ከወጣ ሰባት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ቢት ስለምትሠራ አንድ ነገር ልበልህ። በጆሮ ማዳመጫ አድምጣቸው። ድምፅዋ ከፊት ነው፣ ደረቅ ነው፣ ኢኮ ብዙም የለበትም። ትንፋሽ ስትወስድ ይሰማል። ቢቱ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል፣ አንድ ቤዝና አንድ ጠቅታ ብቻ ይቀራል። እኛ ክፍት ቦታ ስናይ ፓድ፣ ያን ረጅም የኪቦርድ ድምፅ፣ እንከምርበታለን፤ ባዶ ሆኖ የታየ ቤት ይመስል። እሱ ይተወዋል። አሠራሩ ለሌሊት 10 ሰዓትና ለጋቢ የሚሆን ይመስለኛል።


ጦሳ_ሥር | ደሴ | ማታ 5፡02

ጥሩ ተረት ነው። ግን «ያለ አሳታሚ» የሚለውን ማን አመጣው? የመጀመሪያው አልበም በፓርቲዛን ነው የወጣው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በሎማ ቪስታ ነው የወጡት፣ ሎማ ቪስታ ደግሞ ከኮንኮርድ ስር ነው። ኮንኮርድ የሰፈር ሙዚቃ ቤት አይደለም። የራሳቸውን ካቋቋሙ በኋላ እንኳ የ2022ቱን አልበም በሎማ ቪስታ ነው ያወጡት። ልጁን አታሳስቱት።


ሐረጎ_ጭጋግ | ማታ 5፡15

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። እነሱ አገር «ኢንዲፔንደንት» የሚለውን ቃል የሚጠቀሙት ከሦስቱ ግዙፎች፣ ከዩኒቨርሳል፣ ከሶኒና ከዋርነር፣ ውጭ ላለ ሰው ነው። ብቻውን በባዶ እጁ ለሚሮጥ ሰው አይደለም። አሳታሚ ነበራቸው። ግን «ዘፋኟን ስጡን፣ ቢቱን በኛ ልጆች እናሠራለን» የሚል አልነበረም። የልጁ ጥያቄ እኮ እሱ ነው።


ጦሳ_ሥር | ማታ 5፡26

እሺ ይሁን። አሁን ወደ ኮምቦልቻ እንምጣ። እነሱ አንድ ከተማ ሠርተው በማግስቱ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ፣ በየከተማው ቲኬት የሚሸጥ አዳራሽ አለ። እኛ ጋ የሙዚቃ ገንዘብ ያለው ሦስት ቦታ ነው፤ ሠርግ፣ ምርቃትና ሆቴል። ሦስቱም የሚፈልጉት ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ነው። የራስህን ዘፈን በላፕቶፕ ይዘህ ጥር ላይ ድንኳን ብትገባ የሙሽራው አጎት መጥቶ ገመዱን ይነቅለዋል። ይኼ ፌዝ አይደለም፣ ሲነቀል አይቻለሁ።

ዕቃውስ? በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ ማይኩን ከላፕቶፑ የሚያገናኝ አንድ ተራ ሳውንድ ካርድ «ወር ጠብቄ እገዛለሁ» ይባል ነበር። አሁን ስሙን መጥራት ተውሁ። ሶፍትዌሩም ያው ሁላችንም ክራክ፣ ያልተከፈለበት ቅጂ፣ ነው የምንጠቀመው፤ ኤፍኤል ስቱዲዮን ገዝቶ የሚሠራ ሰው ደሴ ውስጥ ካለ ልይና ልሳለመው።


አወያይ | ማታ 5፡30

ስለ ክራክ ማውራት ይቻላል፣ ሊንክ መለጠፍ አይቻልም። ቀድሜ ልናገር ብዬ ነው፣ አውቃችኋለሁ።


ዲሲ_ማታ | ዋሽንግተን (የሆጤ ልጅ) | ረቡዕ፣ ንጋት 11፡50

እናንተ ስትተኙ እኔ ከሥራ ገባሁ። ቁጥር ልጨምር። የኔም ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው።

ፖምፕላሙስ የሚባሉ የካሊፎርኒያ ሁለት ሰዎች አሉ፣ ጃክ ኮንቴና ናታሊ ዶን። ንጹሕ ኤሌክትሮኒክ አይደሉም። ግን ሁለት ናቸው፣ ከዩቲዩብ የተነሡ ናቸው፣ ትልቅ አሳታሚ የላቸውም። በ2014 ለ28 ቀን ዞረው 24 ኮንሰርት ሠሩ። ሲመለሱ ኮንቴ ሒሳቡን ለሕዝብ ዘረገፈው። ገቢ 135,983 ዶላር። ወጪ 147,802 ዶላር። ኪሳራው 11,819 ዶላር ነው። አዳራሾቹ ባዶ እንዳይመስሏችሁ፤ ከቲኬት ብቻ ወደ 97 ሺህ ዶላር ገብቷል።

ገንዘቡን ምን በላው? አጃቢ ሙዚቀኞችና ሠራተኞች ይዘው ነበር የዞሩት። ለደመወዝና ለአበል ብቻ 48,094 ዶላር ወጣ። ሁለታችን ብቻ ብንወጣ ኖሮ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ እናድን ነበር ብሎ ራሱ ጽፏል። ግን ደማቅ መድረክ ፈልገው ነበር፣ አውቀው ከሰሩ። ይኸው ኮንቴ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2013፣ ፓትሪዮንን ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። አድማጩ ለሚወደው ሠራተኛ በቀጥታ ገንዘብ የሚልክበትን ማለቴ ነው። ሙዚቃው አላበላ ሲለው ሌላ በር ከፈተ።

ስለዚህ ጦሳ፣ አሜሪካ ላይም አዳራሹ ሞልቶ ይከሰራል። ሁለት መሆን ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። አንድ ላፕቶፕና አንድ ማይክ ይዞ ሚኒባስ የሚሳፈር ሰው ወጪው የሁለት ወንበር ነው።

ደግሞ ከኛው ሰው አንድ ልጥቀስ። ጋሼ ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበር። በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ከኋላ ኮፈኑ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለምን አዞረው። በመካከሉ 28 ዓመት አለ። ልጁ ሦስት ዓመት ሆነን ብሎ እንቅልፍ አጣ!


ጦሳ_ሥር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15

የፈረንጅ ኪሳራ እንኳ ያምራል። 11 ሺህ ዶላር ለመክሰር መጀመሪያ 11 ሺህ ዶላር ሊኖርህ ይገባል።

የጋሼ ኃይሉን ግን አልከራከርም።


የድሮ_ኪቦርዲስት | ደሴ፣ አራዳ | ረቡዕ፣ ቀን 8፡00

ልጆቼ፣ ስትጨቃጨቁ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ስልክ ላይ መጻፍ ያደክመኛል፣ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ደርግ እያለ እዚህ ከተማ ወሎ ላሊበላ ኪነት ነበር። እነ ማሪቱ ለገሠ የወጡበት ነው። መድረኩ ላይ ሰው ሙሉ ነው፤ ክራሩ፣ ማሲንቆው፣ ዋሽንቱ፣ ተወዛዋዡ። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ አጥር ላይ ሆኜ ነው የማየው። በኋላ ኪቦርድ መጣ። ዋን ማን ባንድ ተባለ። ባለ ሆቴሉ ለስምንት ሰው ከሚከፍል ለአንድ ሰው መክፈል መረጠ። እኔ የዚያ አንድ ሰው ሆኜ እንጀራ በላሁ። ጓደኞቼን ሥራ ያስፈታሁት በአሥር ጣቴ ነው። ይኼን ማንም አይነግራችሁም፤ ኤሌክትሮኒክ እኛ ጋ የገባው በጥበብ በር አይደለም፣ በቁጠባ በር ነው።

በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ አንዲት ልጅ አብራኝ ትዘፍን ነበር። ሁለት ነበርን፣ እንደናንተው። አምባሰል ስታወጣ ሰው ሹካውን ያስቀምጣል። አንድ ቀን ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡ። እሷን ፈለጉ፣ እኔን አልፈለጉም። እኔም ኮራሁና «ሂጂ» አልኋት። ይቅርብሽም አላልኋት፣ ሁለታችንንም ውሰዱንም አላልሁ። አንድ ቃል አልተነጋገርንበትም። ሄደች። አንድ ካሴት ሠሩላት፣ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን አልሰማሁም። አሁን ምን ይቆጨኛል መሰለህ? መሄዷ አይደለም። አለመጠየቄ ነው። አንተም «አልጠየቅሁም» ብለህ ስትጽፍ ደነገጥሁ።

ኪቦርዴ የለም። በእኛው 2014 ከደሴ ስንወጣ ጎረቤት ቤት አስቀምጬው ነበር፣ ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። ግን እጄ አልረሳም፤ ጠረጴዛ ላይ እመታለሁ።

አሁን ሙያ ልንገርህ። አንደኛ፣ አንቺሆዬንና አምባሰልን በኪቦርዱ ቀጥታ ብትመታቸው ትንሽ ይጎረብጣሉ። ማሲንቆ ጣቱን ያንሸራትታል፣ ኪቦርድ ግን ደረጃ ነው። ብዙ ኪቦርድ ላይ ስኬል ቱን የሚል ቦታ አለ፤ የፈለግኸውን ኖታ ብቻ በጥቂቱ ዝቅ ታደርገዋለህ። ኮምፒውተሩም እንደሚያደርገው ልጄ አሳይቶኛል። በቁጥር አትሂድ። እሷን ያለ ምንም አጃቢ አስዘፍናት፣ ከዚያ ኪቦርዱን ወደሷ አምጣው። እሷን ወደ ኪቦርዱ አታምጣት።

ሁለተኛ፣ ያ ዱም ዱም ዱም ዱም የሚለው የፈረንጅ አራት ምት አይከፋም። ግን የወሎ ጭብጨባ በስድስት ነው የሚሄደው። ሁለቱን አንድ ላይ አስኪዳቸው፣ ከበሮው በአራት፣ ጭብጨባው በስድስት። መጀመሪያ ያደናግራል። አንዴ ከገባህ ግን እግርህ አይመለስም።


ሐረጎ_ጭጋግ | ረቡዕ፣ ቀን 8፡20

ጋሼ፣ እጅዎን ይባርከው። ይኼን መጽሐፍ ላይ አላገኘውም ነበር።


ወሎዬዋ | ረቡዕ፣ ቀን 8፡31

አለቀስሁ፣ ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ደንበኛ እያየኝ ነው። ልጁ! ሂድና ጠይቃት። ደግሞ ፈረንጆቹ ተጋብተዋል ተብሏል፣ እኔ የምለው የለኝም፣ ዝም ብዬ ነው።


ጥቁር_ሻሽ | ደሴ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡10

ዘፋኟ እኔ ነኝ። ወንድሜ ነው «ስላንቺ እየተወራ ነው» ብሎ ሊንኩን የላከልኝ። ዛሬ ነው የተመዘገብሁት።

በመጀመሪያ፣ ወሎዬዋ፣ አንጋባም። እሱ ቀጠሮ አያከብርም፣ እኔ ደግሞ ቀጠሮ የማያከብር ሰው አላገባም። አንድ ኪክ፣ የቢቱን ወፍራም ከበሮ፣ 14 ጊዜ ቀይሮ በመጨረሻ የመጀመሪያውን የሚመርጥ ሰውም አላገባም።

እንቢ ያልሁት ለሱ አዝኜ እንዳይመስለው። ሰውዬው ሁለት ናሙና ልኮልኝ ነበር። ሰማኋቸው። አሪፍ ናቸው፣ ንጹሕ ናቸው፣ ግን አንድ ቃል አልመጣልኝም። እኔ ግጥም የሚመጣልኝ ቢቱ ውስጥ የማውቀው ነገር ሲኖር ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ። እናቴ ሰኞ ገበያ ሱቅ አላት። በሩ ላሜራ ነው፣ ጠዋት ሲከፈት መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ አናቱ ላይ ሲደርስ ጓ ይላል። አንድ ቀን ያን ድምፅ በስልኬ ቀድቼ በቴሌግራም ላክሁለት። ሲያሾፍብኝ ጠብቄ ነበር። በነጋታው መልሶ ላከልኝ፤ ጓ የሚለው ስኔር፣ የቢቱ ቀጭን ከበሮ፣ ሆኗል፣ መንጫጫቱ ደግሞ ወደ ኋላ ተገልብጦ ከአዝማቹ በፊት ይገባል። በዚያው ቀን ሙሉ ግጥሙን ጻፍሁ። በጠዋት ስለምትነሣ ሴትና ወደ ሱቋ ስትሄድ መንገድ ላይ ስለሚለክፏት ነው። ፈረንጆቹ እንዲህ ያለ ዘፈን እንዳላቸው እዚህ ነው ያነበብሁት፤ ከነሱ ያመጣሁት አይደለም፣ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ በየቀኑ በእግሬ ስለምሄድ ነው።

ለእናቴ አሰማኋት። ወጥ እያማሰለች ነበር። ስኔሩ ሲመታ ቀና ብላ «በሩን ማን ከፈተው?» አለች። ከአዲስ አበባ የመጣው ቢት ይኼን አያደርግም። ለዚህ ነው እንቢ ያልሁት። በቃ።

ሁለተኛ፣ ጋሼ፣ ጥያቄ አለኝ። ያችን ልጅ ስሟን አይጻፉ፣ ግን ድምፅዋ የቀረ ካሴት አለ?


የድሮ_ኪቦርዲስት | ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

አንድ አለኝ ልጄ። የሆቴል ቀረጻ ነው፣ የብርጭቆ ድምፅ ይበዛበታል። ማጫወቻው ነው የተበላሸው። ካሴቱን ለሐረጎ እሰጠዋለሁ፣ ቧንቧ ውሃ ከሆነ ሩቅ አይደለም።


ሐረጎ_ጭጋግ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡04

ነገ ከሥራ ስወጣ መጥቼ እወስዳለሁ ጋሼ። ማጫወቻ አጎቴ ጋ አለ።


ቦርከና_ማዶ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ። 14 አይደለም፣ 11 ጊዜ ነው የቀየርሁት።

የጋሼን የስድስትና የአራት ነገር ዛሬውኑ ሞከርሁት። የኮምፒውተሩን ጭብጨባ ከፍቼ በስድስት አስኬድሁት፣ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ሆነ። አላማረኝም። ከዚያ ከሥራ መውጫ ላይ ከባልደረቦቼ አራቱን ለምኜ መጋዘን ውስጥ አስጨበጨብኋቸው። በስልክ ነው የቀዳሁት። አንዱ ሁሌ ትንሽ ይዘገያል። ላስተካክለው ብዬ ወደ ሰዓቱ ጎተትሁት፣ ነገሩ ሞተ። መለስሁት፣ ነፍስ ዘራ። ዘገምተኛውን ልጅ ቅዳሜ ሻይ እጋብዘዋለሁ።

ድምፅዋንም ወደ ፊት አመጣሁት፣ ኢኮውን ቀነስሁ፣ ሁለት ፓድ አጠፋሁ። አንዱን ሳጠፋ አዘንሁ፣ ሁለት ሳምንት የለፋሁበት ነበር።


ሕግ_በአማርኛ | ኮምቦልቻ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ደስ የሚል ወሬ ነው፣ እኔ ግን ደረቁን ላምጣ። እስካሁን ያልተነሣ ጥያቄ አለ። ዘፈኖቹ የማን ናቸው?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ሥራው ተቀርጾ ከተቀመጠ ሳይመዘገብም ጥበቃ አለው። የግጥምና የዜማ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። አብረው የሠሩት ከሆነ 50ው የሚቆጠረው የመጨረሻው ካረፈ በኋላ ነው። የከዋኝና የድምፅ ቀረጻ መብት ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። አንድ ዘፈን ስትሉ አንድ ነገር አይደለም፤ ግጥም አለ፣ ዜማ አለ፣ አፈጻጸም አለ፣ ቀረጻው አለ። ደዋዩ ሰው ነገ ተመልሶ «ዘፈኑን እንግዛችሁ» ቢል የትኛውን ነው የሚገዛው? መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው። በቃል፣ በቡና ላይ፣ «እንተማመናለን» እየተባለ አይሆንም።

ሁለት ሰው ሲፋቀር ወረቀት መጻፍ ያሳፍራል። ሲጣላ ግን ወረቀት የሚጽፍ አይገኝም። ከመጣላታችሁ በፊት ጻፉት። አዲስ አበባ ስትሄዱ ደግሞ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቡት፤ ግዴታ አይደለም፣ ክርክር ሲመጣ ግን ያግዛል።


ጦሳ_ሥር | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡20

ይኼኛው ነው ከሁሉም የበለጠ ምክር። የሚከፍል ስለጠፋ ብቻ ሁሉም ነገር ነፃ ነው እንዳይመስላችሁ።

ደግሞ ልጁ፣ የሆቴሉን ነገር እንደገና አሰብሁት። ደሴ አንድ ካፌ የማውቀው ሰው አለኝ። እሑድ ከሰዓት ባዶ ነው የሚውለው። ብር አይከፍልም፣ መብራት ግን አለው፣ ጀነሬተርም አለው። ገመድ የሚነቅል አጎት የለም። ሁለት ወንበርና አንድ ሶኬት ይበቃችኋል ካላችሁ እጠይቅላችኋለሁ። ቲኬት ባይሆን ቡናውን ትንሽ ጨመር አድርጎ ይሽጥ፣ ጭማሪው ለናንተ ይሁን።


ወሎዬዋ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡22

ጦሳ ተሸነፈ! ስክሪንሾት አንሥቻለሁ።


ጦሳ_ሥር | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡25

አልተሸነፍሁም። ቡና ነው የጋበዝሁት።


ሐረጎ_ጭጋግ | ዓርብ፣ ማታ 4፡10

ካሴቱን ገለበጥሁት። ከ40 ደቂቃ ውስጥ 25ቱ ወሬና ብርጭቆ ነው። ሁለት ዘፈን ግን ሙሉ አለ። ስትጨርስ ሰው ሳያጨበጭብ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ነው የሚፈነዳው። ኪቦርዱ ከስር በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚሰማው። ጋሼ፣ እርስዎም ያን ጊዜ ቦታ ይተዉ ነበር ማለት ነው። ለእርስዎ በፍላሽ አምጥቼ እሰጣለሁ፤ እዚህ አልለጥፈውም፣ እሷ ሳትፈቅድ አይሆንም።


የድሮ_ኪቦርዲስት | ዓርብ፣ ማታ 4፡40

ተመስገን። አትለጥፈው። ለዘፋኟ ልጄ ብቻ አሰማታለሁ።


ቦርከና_ማዶ | እሑድ፣ ንጋት 12፡30

ከቀረጻ አሁን ነው የወጣነው። ፉል እየበላን ነው። ወንድሟ ጋቢውን በሚስማር ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል፤ ይኼን ከሦስት ዓመት በፊት ለምን አላሰብንም?

ወረቀቱን ጻፍን። ደብተር ላይ ነው፣ ነገ በኮምፒውተር እናስጽፈዋለን። ግጥም የእሷ፣ ቅንብር የኔ፣ ዜማና ቀረጻ እኩል። ብር ሲመጣ መጀመሪያ ትራንስፖርት ይነሣል፣ ቀጥሎ የወንድሟ ቁርስ፣ የቀረው ለሁለት። ከሁለታችን አንዱን ብቻ የሚፈልግ ሰው ከደወለ በዚያው ቀን ለሌላው ይነገረዋል። ይቺን አንቀጽ እሷ ነች ያስገባችው፣ ጋሼን ካነበበች በኋላ። ምስክር አክስቷ ናቸው፤ መነጽር አጥተው ሳያነቡ ፈረሙ።

ጦሳ፣ የሚቀጥለው እሑድ ይመቸናል በለው። ጋሼ፣ ከመጡ ወንበር እናዘጋጃለን። እኔ ኪቦርድ ከሰው እዋሳለሁ፣ ባለ ስኬል ቱኑን።


ሕግ_በአማርኛ | እሑድ፣ ጠዋት 2፡00

ምስክር ሳያነብ አይፈርምም፣ ግን ጎበዝ። አንድ ነገር ረሳችሁ። ላፕቶፑ የማን ነው?


ጥቁር_ሻሽ | እሑድ፣ ጠዋት 2፡06

የኔ። ግማሹን ብር የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ግማሹን ከናቴ ተበድሬ ነው።


ቦርከና_ማዶ | እሑድ፣ ጠዋት 2፡07

ቻርጀሩ ግን የኔ ነው።